የስድስቱ ነጥቦች ሒሳብ፦ ምሥራቅ ፓኪስታን ራሷን ለማስተዳደር ያቀረበችው ጥያቄ

እንደምን አመሻችሁ። የባንግላዴሽ፣ የያኔዋ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ነገር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ 1971ዱ ጦርነት፣ ወደ ሕንድ ስለጎረፈው ስደተኛና ስለ ሕንድ ጦር ጣልቃ መግባት ነው። ዛሬ ከዚያ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደን አንድ አጭር ሰነድ ላይ እንቆያለን። አዋሚ ሊግ የተባለው የምሥራቁ ፓርቲ መሪ ሼክ ሙጂቡር ራህማን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1966 በምዕራቡ ላሆር ከተማ ለተሰበሰቡ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ይዘውት የመጡት ባለ ስድስት ነጥብ ሰነድ ነው። (ዘመኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሰነዱ ውስጥ «ነፃነት» የሚል ቃል የለም። ባንዲራም ሆነ ድንበር አያነሳም። ከስድስቱ ነጥቦች ሦስቱ የሚናገሩት ስለ ገንዘብ ነው፤ ስለ መገበያያ ኖት፣ ስለ ግብርና ስለ ውጭ ምንዛሪ። ፓኪስታን ለሁለት የተሰነጠቀችው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው። ሠራዊቱም ሆነ የምዕራቡ ፖለቲከኛ ዙልፊካር አሊ ቡቶ የቀሩትን ነጥቦች በአንድም በሌላም መንገድ ሊውጧቸው ይችሉ ነበር። የግብሩንና የምንዛሪውን ጉዳይ ግን ሊውጡት አልቻሉም። ለምን እንዳልቻሉ ለመረዳት ገንዘቡ በየት በኩል ይፈስ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

በ1947 የተመሠረተችው ፓኪስታን ሁለት ክንፍ ነበራት። በመካከላቸው 1,600 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሕንድ መሬት ተዘርግቷል። በ1961 ቆጠራ ምሥራቁ ወደ 51 ሚሊዮን፣ ምዕራቡ ወደ 43 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ብዙኃኑ ምሥራቅ ነው፤ ዋና ከተማው፣ የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ፣ ማዕከላዊ ባንኩና የትልልቆቹ ነጋዴዎች ጽሕፈት ቤት ግን ምዕራብ ነው።

የምሥራቁ ሀብት ጁት ነበር። የእህልና የቡና ጆንያ የሚሠራበት ያ ቃጫ ማለት ነው። ገበሬው ጁቱን በሩፒ ይሸጣል። ላኪው ወደ ውጭ ልኮ ፓውንድ ወይም ዶላር ያገኛል። በሕጉ መሠረት ያንን ምንዛሪ ለማዕከላዊ ባንኩ ያስረክብና በይፋዊው ተመን ሩፒ ይቀበላል፤ ከ1955 በኋላ ተመኑ ለአንድ ዶላር 4.76 ሩፒ ነበር። ይህ ተመን የሩፒን ዋጋ ከእውነተኛው በላይ የሰቀለ ነው። ስለዚህ ዶላሩን የሚያስረክበው ይከስራል፤ ዶላሩን በዚያ ዋጋ የሚገዛው ያተርፋል። የሚገዛው ማን ነው? የአስመጪነት ፈቃድ ያለው ነው። ፈቃዱን የሚሰጡት ቢሮዎች ምዕራብ ነበሩ፤ አብዛኛው ፈቃድም እዚያው ላሉ ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ይሰጥ ነበር። በ1959 የመጣው የቦነስ ቫውቸር አሠራር ፋብሪካ ያመረተውን ለሚልክ ነጋዴ ተጨማሪ ጥቅም ሰጠ። ጥሬ ጁት ግን ከዚያ ዕድል ውጪ ሆነ።

ጉዞው በዚህ አያበቃም። በዚያ ምንዛሪ በመጣ ማሽን ምዕራብ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና የሌላም ሸቀጥ ፋብሪካ ይተከላል። ፋብሪካው ከውጭ ውድድር በከፍተኛ ቀረጥ ይጠበቃል። ምርቱ በምዕራቡ ወደብ ካራቺ ላይ ይጫንና ሲሎንን (የዛሬዋን ስሪላንካ) ዞሮ በምሥራቁ ወደብ ቺታጎንግ ይራገፋል፤ የቤንጋል፣ ማለትም የምሥራቁ፣ ገበሬም ከዓለም ዋጋ በላይ ከፍሎ ይገዛዋል። ትርፉ ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ካራቺ በሆነ ባንኮች በኩል ወደ ምዕራብ ይመለሳል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ አገሪቱ ወደ ውጭ ልካ ካገኘችው ገቢ ከግማሽ በላይ የሆነውን ምሥራቁ ሲያመጣ፣ ከውጭ ከገባው ዕቃ የደረሰው ግን ሲሶ ገደማ ነው።

የምሥራቁ ዋና ከተማ የዳካ ኢኮኖሚስቶች ክርክር እዚህ ላይ ይመጣል፤ እንደኔ እምነት የዘመኑ ጠንካራ ሐሳብ ይህ ነበር። በ1956 የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ረቂቅ ሲወጣ ተሰብስበው አገሪቱን እንደ ሁለት ኢኮኖሚ አድርጎ ማቀድ እንደሚገባ ተናገሩ። በኋላም እነ ረህማን ሶብሃንና ኑሩል ኢስላም አስፋፉት። መነሻቸው ቀላል ነው። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ አካባቢ ሲያድግ የሌላው አካባቢ ድሃ ቢያንስ ተነስቶ ወደዚያው ሄዶ ሥራ ይፈልጋል። ምሥራቅ ውስጥ ያለው የባሪሳል ገበሬ ግን ካራቺ ሄዶ የቀን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ሌላ አገርና ሌላ ባሕር መሐል አለበት። ገንዘብ በአንድ የባንክ ሐዋላ ሲሻገር ጉልበት ግን አይሻገርም። ስለዚህ ምዕራብ ላይ የፈሰሰው መዋዕለ ንዋይ ለምሥራቁ ሰው ሥራም ደመወዝም አይሆንለትም። የ1962ቱ ሕገ መንግሥት በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው ልዩነት እንዲወገድ ያዝዝ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1959/60 የምዕራቡ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከምሥራቁ በ32 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ በ1969/70 ብልጫው 61 በመቶ ደረሰ። ይህ ስሌት የመንግሥቱ የራሱ የዕቅድ ሰነድ ላይ የተቀመጠ እንጂ የተቃዋሚዎች ወሬ አይደለም።

የፖለቲካውን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ማርች 23 ቀን 1940 የላሆር ውሳኔ የተባለውን ያቀረቡት ቤንጋሉ ፋዝሉል ሐቅ ነበሩ፤ ጽሑፉም ሙስሊሞች በሚበዙባቸው አካባቢዎች ስለሚቋቋሙ «መንግሥታት» ይናገራል፤ በብዙ ቁጥር። በ1946 ዴልሂ ላይ ወደ አንድ መንግሥት ተለወጠ። በ1948 የፓኪስታን መሥራች ጂናህ ዳካ ላይ ቆመው የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን አወጁ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ቤንጋሊ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ያሉ ተማሪዎችና ሌሎች ሰዎች በፖሊስ ጥይት ወደቁ፤ ዩኔስኮ በ1999 የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሰየመው ያንን ዕለት ነው። በ1954 የምሥራቁ ክፍለ ሀገር ምርጫ የተባበረው ግንባር የተባለው የፓርቲዎች ጥምረት ባለ 21 ነጥብ መርሐ ግብር ይዞ ተወዳደረ። ለሙስሊሞች ከተመደቡት መቀመጫዎች 237ቱ ውስጥ 223ቱን ወሰደ። በዚያ መርሐ ግብር 19ኛው ነጥብ ላይ ማዕከሉ መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና ገንዘብን ብቻ ይያዝ የሚል ጥያቄ ነበር። የድሉ ደስታ ሳያልቅ፣ ሜይ 30 ላይ፣ ማዕከላዊው መንግሥት የክፍለ ሀገሩን መንግሥት አሰናበተ። በ1958 ጄኔራል አዩብ ካን ሥልጣን ያዙ፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትም ከሁለቱ ክንፍ እኩል የተውጣጡ 80,000 «የመሠረታዊ ዴሞክራሲ» ተመራጮች ሆኑ።

ነገሩን ያጋጋለው የ1965ቱ የሴፕቴምበር ጦርነት ነው። ፓኪስታንና ሕንድ በካሽሚር ጉዳይ 17 ቀን ሲዋጉ፣ ምሥራቁን የሚጠብቀው አንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ብቻ ነበር። የጦር ሊቃውንቱ የምሥራቁ መከላከያ ምዕራብ ነው ይሉ ነበር። ሕንድ በምሥራቅ ብትገባ ኖሮ ማን ይደርስልን ነበር የሚለው ጥያቄ በየሻይ ቤቱ ተነሳ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 የታሽኬንት ስምምነት ተፈረመ። ምዕራቦቹ ተቃዋሚዎች በስምምነቱ ተቆጥተው ላሆር ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ ሙጂብ ስድስቱን ነጥቦች ይዘው የገቡት በዚህ መሐል ነው። ጉባኤው በአጀንዳነት እንኳ ሊይዘው ፈቃደኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ እንምጣ። አንደኛው፦ በላሆር ውሳኔ ላይ የተመሠረተ እውነተኛ ፌዴሬሽን ይሁን፤ መንግሥቱ ፓርላማዊ፣ ምክር ቤቱም ለአካለ መጠን በደረሰ ሁሉ ድምፅ በቀጥታ የተመረጠ ይሁን። ሁለተኛው፦ ማዕከሉ መከላከያንና የውጭ ጉዳይን ብቻ ይያዝ፤ ሌላው ሁሉ የክፍለ ሀገራቱ ነው። በ1954 ማዕከሉ ሦስት ጉዳይ ነበረው፤ አሁን ሁለት ቀረው። የወጣው ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሁለት አማራጭ ይሰጣል። ወይ ሁለቱ ክንፎች በነፃ የሚመነዘሩ ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች ይኑሯቸው፤ ወይም አንድ ገንዘብ ይቀጥልና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሸሸውን ካፒታል የሚያግድ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ይግባ፤ ምሥራቁም የራሱ የመጠባበቂያ ባንክና የራሱ የገንዘብ ፖሊሲ ይኑረው። የመጀመሪያው አማራጭ ጆሮ ይስባል፤ ሲመረመር ግን ችግር አለበት። ሁለቱ ገንዘቦች በቋሚ ተመን ያለ ገደብ የሚመነዘሩ ከሆነ ካፒታሉ እንደ ድሮው ይሸሻል፤ ኖቱ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው የሚለወጠው። ተመኑ እንዲዋዥቅ ከተተወ ደግሞ በተግባር ሁለት አገር ሆኑ ማለት ነው። ሁለተኛው አማራጭ የተሻለ ነበር። አሜሪካ አንድ ዶላር ይዛ 12 የአካባቢ የመጠባበቂያ ባንኮች አሏት፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ገንዘብም በሒሳብ ይወራረዳል። የዳካ ባንክ የራሱ መዝገብ ቢኖረው፣ ወደ ካራቺ የሄደ እያንዳንዱ ሐዋላ በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ ሲበዛም ገደብ ይጣልበታል። የዚህኛው አደጋ ሌላ ነው፦ ሁለት ባንክ አንድ ኖት የማሳተም ሥልጣን ካላቸው፣ አንዱ ከልኩ በላይ ቢያትም የዋጋ ንረቱን ሁለቱም ይሸከሙታል። ስለዚህ የኅትመት ጣሪያውን ማን እንደሚወስን አስቀድሞ መጻፍ ነበረበት። ነጥቡ ይህንን አይጽፍም።

አራተኛው ግብር ነው። ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክፍለ ሀገራቱ ይሁን፤ ማዕከሉ ከሚሰበሰበው ላይ ድርሻውን ያግኝ። ይህ ትልቁ የጠብ ምንጭ ነበር፤ የተቃወሙትም ሰዎች ፍርሃታቸው መሠረት አልነበረውም አልልም። ሠራዊቱ በጀቱን የሚያገኘው ከማዕከሉ ነው። ማዕከሉ ግብር መጣል ካልቻለ የሠራዊቱ ደመወዝ በዳካ ምክር ቤት በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። አሜሪካም በ1781ዱ የኮንፌዴሬሽን ሰነዷ ይህንን ሞክራው ኮንግረሱ ከክፍለ ግዛቶቹ መዋጮ እየለመነ፣ እነሱም ሳይከፍሉ እየቀሩ ባዶ ካዝና ታቅፎ ቀርቷል። የአዋሚ ሊግ ሰዎች ይህንን ስላወቁ በኋላ ጽሑፉን አሻሻሉት፦ ለመከላከያና ለውጭ ጉዳይ የሚያስፈልገው ገቢ በሕገ መንግሥቱ በሚወሰን ድርሻ፣ የክፍለ ሀገር ባለሥልጣን ፊርማ ሳይጠብቅ፣ በቀጥታ ለማዕከሉ ገቢ ይሆናል። ይህ ከአሜሪካው ሰነድ እጅግ የተሻለ ንድፍ ነው። ይሁን እንጂ ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ ለድርድር ተተወ፤ ጄኔራሎቹን እንቅልፍ የነሳቸውም ያ ያልተጻፈ ቁጥር ነው።

አምስተኛው፦ የሁለቱ ክንፎች የውጭ ምንዛሪ ገቢ በሁለት ሒሳብ ይያዝ፤ የምሥራቁ ገቢ ለምሥራቁ፣ የምዕራቡ ለምዕራቡ። ማዕከሉ የሚያስፈልገውን ምንዛሪ ሁለቱ እኩል ወይም በተወሰነ ድርሻ ያዋጡለት። የአገር ውስጥ ምርት በሁለቱ መካከል ያለ ቀረጥ ይዘዋወር። ክፍለ ሀገራቱም ከውጭ አገሮች ጋር የንግድ ግንኙነት ማድረግ ይችሉ። ቀደም ብዬ የዘረዘርኩትን የጁት ዶላር ጉዞ መነሻው ላይ የሚቆርጠው ይህ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው አብረው ካልሠሩ ምንም ጥቅም እንደሌላቸው ልብ በሉ። ምንዛሪውን ያዝክና ባንኩን ካልያዝክ፣ ትርፉ በሐዋላ ይወጣል። ባንኩን ያዝክና ቀረጡን ካልያዝክ፣ የካራቺ ጨርቅ በውድ ዋጋ መሸጡን ይቀጥላል። ቡቶ ሁለተኛውን ነጥብ መቀበል እንደሚቻል ሲጠቁሙ፣ የውጭ ንግድና የውጭ ዕርዳታ ግን ከውጭ ጉዳይ ተነጥለው ሊታዩ አይችሉም ያሉት የገንዘቡ ጉዞ የት ላይ እንደሚቆረጥ በደንብ ስለገባቸው ነው። ነጥቡም ደካማ ጎን አለው፦ እስከዚያ ድረስ የተከማቸውን የውጭ ዕዳ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል አንድም ቃል አይተነፍስም።

ስድስተኛው፦ ምሥራቁ የራሱ ሚሊሺያ ወይም ረዳት ጦር ይኑረው። የ1965 ቁስል ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም።

ሰነዱ በማርች 1966 በአዋሚ ሊግ ጉባኤ ጸደቀ። ሙጂብ ሊቀመንበር፣ ታጁዲን አህመድ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከዚያ ሙጂብ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አንድ በአንድ ያስረዱ ጀመር፤ አንዱ ከተማ ላይ ይታሰራሉ፣ በዋስ ይወጣሉ፣ ቀጣዩ ከተማ ላይ ደግሞ ይታሰራሉ። ሜይ 8 ናራያንጋንጅ ላይ ለጁት ፋብሪካ ሠራተኞች ከተናገሩ በኋላ ሌሊት ተይዘው ለረጅም ጊዜ ታሰሩ። ጁን 7 ቀን ሃርታል፣ ማለትም ሱቅም ትራንስፖርትም ሥራም የሚዘጋበት አድማ ተጠራ። ፖሊስ ዳካ፣ ቴጅጋዎንና ናራያንጋንጅ ላይ ተኩሶ ሰዎችን ገደለ። ከሞቱት መካከል የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስድስቱ ነጥቦች የጠበቆች፣ የኢኮኖሚስቶችና የተማሪዎች ጉዳይ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የሠራተኛውም ሆኑ። ብዙ ሰው መዞሪያውን ከ1969 ይቆጥራል፤ እኔ ከጁን 7 እቆጥረዋለሁ።

መንግሥት ከዚህ በኋላ ትልቁን ስሕተት ሠራ። በ1968 ሙጂብን ጨምሮ 35 ሰዎችን ከሕንድ ጋር አሲረው አገር ሊገነጥሉ ነበር ብሎ በልዩ ፍርድ ቤት አቆመ፤ የአጋርታላ ክስ የሚባለው ነው። ችሎቱ በአደባባይ በመካሄዱ ክሱ ለተከሳሾቹ መድረክ ሆነላቸው። በጃንዋሪ 1969 ተማሪዎች ስድስቱን ነጥቦች ያካተተ፣ ባንኮችና የጁት ንግድ ወደ ሕዝብ ይዙር የሚልም የጨመረ ባለ 11 ነጥብ ጥያቄ አወጡ። ጃንዋሪ 20 አሳድ የተባለው ተማሪ ተገደለ፤ ከተሞቹ ከቁጥጥር ውጪ ሆኑ። ፌብሩዋሪ 22 ክሱ ተነሳ። ማርች 25 አዩብ ሥልጣናቸውን ለጄኔራል ያህያ ካን አስረከቡ።

ያህያ ሁለት ትልልቅ ነገር ፈቀዱ፦ አንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ እና የምዕራቡን ክፍለ ሀገራት ጨፍልቆ የነበረውን አንድ አሐድ ማፍረስ። ሕገ መንግሥት ከሚያረቀው ብሔራዊ ጉባኤ 313 መቀመጫ 169ኙ ለምሥራቁ ደረሰ። ግን በማርች 1970 ያወጡት የሕግ ማዕቀፍ ትእዛዝ ቁልፉን በእጃቸው አስቀረ። ሕገ መንግሥቱ በ120 ቀን ካልተጠናቀቀ ጉባኤው ይበተናል፤ ቢጠናቀቅም ፕሬዚዳንቱ ካላጸደቁት ዋጋ የለውም። ማዕከሉም የሕግ፣ የአስተዳደርና የፋይናንስ በቂ ሥልጣን ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። «የፋይናንስ» የሚለው እዚያ መግባቱ ከአራተኛው ነጥብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ሕገ መንግሥቱ በስንት ድምፅ እንደሚያልፍ ግን ትእዛዙ አልወሰነም፤ ይህ ለጉባኤው ተተወ። ሠራዊቱ ማንም ፓርቲ ብቻውን ብዙኃን አይሆንም ብሎ ገምቶ ነበር።

ኖቬምበር 12 ቀን 1970 በባሕር ዳርቻው አውሎ ነፋስና ማዕበል ከ300,000 የማያንስ ሰው ጨረሰ። ዕርዳታው የዘገየበት ሁኔታ የስድስቱን ነጥቦች ክርክር ያለ ንግግር አስረዳ። ዲሴምበር 7 በተካሄደው ምርጫ አዋሚ ሊግ ከምሥራቁ 162 የቀጥታ መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ፤ ለሴቶች ከተመደቡት መቀመጫዎች ጋር 167፣ ማለትም ከ313ቱ ግልጽ ብዙኃን ሆነ። ምዕራብ ላይ አንድም አላገኘም። የቡቶ ፓርቲ ደግሞ ምሥራቅ ላይ አንድም ዕጩ አላቀረበም። ጃንዋሪ 3 ቀን 1971 ተመራጮቹ በሚሊዮን በሚገመት ሕዝብ ፊት ከስድስቱ ነጥቦች ላይወጡ ማሉ። በዚህ መሐላ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የድርድር መነሻ የነበረው ሰነድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውል ሆነ። ሙጂብ የግብሩን ድርሻ በመቶኛ ለመደራደር ቢፈልጉ እንኳ የሚያፈገፍጉበት ቦታ ጠበባቸው። መራጩ ግን ሌላ ዋስትና አልነበረውም፤ በ1954 ድምፁን ሰጥቶ በወራት ውስጥ የተነጠቀ ሕዝብ ነው።

ማርች 1 ቀን ያህያ ከሁለት ቀን በኋላ ዳካ ላይ ሊከፈት የነበረውን ጉባኤ ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙ። ምሥራቁ ሥራ አቆመ። በማርች አጋማሽ ታጁዲን አህመድ 35 መመሪያዎችን አወጡ፤ እነዚህን መመሪያዎች የሚያነብ ሰው ነጥቦቹ በተግባር ሲውሉ ያያል። የማዕከሉ ቀጥታ ግብር መሰብሰቡ ይቁም። ቀረጥና ኤክሳይስ ይሰብሰብ፤ ግን በሁለት የቤንጋል ባንኮች፣ በኢስተርን መርካንታይል ባንክና በኢስተርን ባንኪንግ ኮርፖሬሽን፣ ልዩ ሒሳብ ይከፈትና እዚያ ይግባ። ባንኮች ከክፍለ ሀገሩ ውጪ ገንዘብ አያስተላልፉ። ለጥቂት ቀናት ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ነጥብ ያለ ሕገ መንግሥት ሠሩ።

ከማርች 16 ጀምሮ ያህያና ሙጂብ ዳካ ላይ ተደራደሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የመንግሥቱ የኢኮኖሚ አማካሪ ኤም. ኤም. አህመድ የአዋሚ ሊግን ረቂቅ የገንዘብ አንቀጾች እየወሰዱ ማሻሻያ ያቀርቡበት ነበር። ስለ ዳካ መጠባበቂያ ባንክ፣ ስለ ምንዛሪ ሒሳብ፣ ስለ ዕርዳታ ድርድር በቃላት ደረጃ ይነጋገሩ ነበር። ማርች 24 አዋሚ ሊግ አገሪቱ «የፓኪስታን ኮንፌዴሬሽን» ትባል ብሎ ማቅረቡም ሌላ ጠብ ጨመረ። የአዋሚ ሊግ ሰዎች ረቂቁን ለማጠናቀቅ በማግስቱ ስልክ እስኪደወልላቸው ይጠብቁ ነበር። ስልኩ አልተደወለም። ማርች 25 ሌሊት ሠራዊቱ ዳካ ላይ ተኩስ ከፈተ፤ ሙጂብም ታሰሩ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዲሴምበር 16 ቀን 1971 ነፃ የሆነችው ባንግላዴሽ በ1972 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት አሐዳዊ ነው። ከምሥራቁ 162 መቀመጫ አዋሚ ሊግ ካጣቸው ሁለቱ አንዱ የቺታጎንግ ኮረብታማ አካባቢ ነበር፤ ቻክማን የመሳሰሉ ቤንጋል ያልሆኑ ሕዝቦች የሚኖሩበት። በ1972 ተወካያቸው ማናቤንድራ ናራያን ላርማ ለአካባቢያቸው የራስ ገዝ ጥያቄ ለሙጂብ አቀረቡ፤ ተቀባይነት አላገኙም። ዜጎች ሁሉ ቤንጋሎች ይባላሉ የሚለው አንቀጽ ሲጸድቅም ከምክር ቤቱ ረግጠው ወጡ። የትጥቅ ትግሉ እስከ ዲሴምበር 2 ቀን 1997 ስምምነት ድረስ ቆየ። ስምምነቱ የአካባቢ ምክር ቤት፣ ከዚህም ሌላ የመሬት ክርክር የሚፈታ ኮሚሽን አቋቁሟል። ነዋሪዎቹ ዛሬም አልተፈጸመም ብለው የሚጠይቁት በተለይ የመሬቱን ክፍል ነው።